ለፎቶ የቆመ ቤተሰብ

እትዬ ጸሐይወርቅን የማውቃት በወተት ነው። ንፋስ ስልክ ስንኖር ቤታችን ውስጥ ሕፃን ነበረና፣ በየሁለት ቀኑ ከለቡ ወዲያ እስካለው ቤቷ ድረስ ጣሳዬን አንጠልጥዬ እሄድ ነበር። ዛሬ በዚያ የሚያልፍ ሰው የሚያወራው ስለ ሚኒባስ ግፊያና ስለ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ኪራይ ነው። ያኔ ግን ከብት የሚነዳበት መንገድ ብቻ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ ይቀማል። ብዙዎቹ ደንበኞቿ በርቀቱ ሰልችተው በየሰፈራቸው ሌላ ወተት ሻጭ ያዙ። እኔ ያልቀረሁት የእሷ ወተት ከውሃ ጋር ስለማይተዋወቅ ነው። ደግሞም እኔ የቀረሁ ቀን ከላሞቿ በቀር የሚያናግራት እንደማይኖር ስለማውቅ ነው።

ከላሞቿ ጋር ግን አፏ አያርፍም። ስታልብ ታወራለች፣ ፉርሽካ ስታቀርብ ታወራለች። አንዳንዴ ከበረቱ ውስጥ ሆና «ሙሉሰው፣ ባልዲውን!» ትልና ትንሽ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ራሷ ሄዳ ታመጣዋለች። እኔም እንዳልሰማ ሰው ወደ አጥሩ እመለከታለሁ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመነሻው ልናገር። ባሏ ቦጋለ የፋብሪካ ዘበኛ ነበር። ከደመወዙ እየቆጠበ አንዲት የፈረንጅ ዲቃላ ጊደር ገዛ፤ ከእሷ ወዲያ በረቱ እየሰፋ ሄደ። አብዮቱ በፈነዳ ማግሥት በሳንባ በሽታ ሞተና ጸሐይወርቅን ከላሞቹና ከአንድ ወንድ ልጅ ጋር ትቷት ሄደ። ዘመዶቿ ቡልጋ ናቸው። ሌላ ባል አላገባችም። ልጁ ሙሉሰው አድጎ ጋጣውን ሲጠርግ፣ ድርቆሹን ሲከምር፣ ወተቱን በአህያ ከተማ ሲያደርስ፣ እሷም «አሁንስ ጡረታ ወጣሁ» ማለት ጀምራ ነበር። ይህን ባለች በዓመቱ የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ መጣ።

በዚያው ቀን፣ በዚያው መኪና፣ የጎረቤቷ የኦልጅራ ታላቅ ልጅ ደገፋም ሄደ። ሁለቱ እናቶች የገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተቃቅፈው አለቀሱ። ከዚያ በኋላ ከሙሉሰው ዘንድ በቆሰለ ወታደር በኩል አንድ ሰላምታ ደረሳት። ከዚያ ወዲህ ግን ዝም ነው።

በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ነሐሴ ውስጥ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት ቀን፣ ፎቶ አንሺው መጣ። ወጋየሁ ይባላል፤ የአንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው። ለአብዮት በዓል ለሚከፈት ኤግዚቢሽን የአንድ ከብት አርቢ ቤተሰብን ኑሮና ሥራ እንዲያነሳ ታዝዟል። ማኅበሩን ቢጠይቅ «ብዙ ወተት የሚታለበው በቦጋለ ቤት ነው» አሉት። መቼም ሰዎቹ ውሸት አልተናገሩም። ቦጋለ መሞቱን ግን የጠየቃቸውም፣ የነገረውም የለም።

«ባለቤትዎ የሉም?» አላት፣ ጫማውን ከጭቃው እየነቀለ።

«አፈር ከበላው ቆየ።»

«ልጆችስ?»

«አንድ ነው። ዘምቷል።»

ወጋየሁ በረቱን አየ፣ ቤቱን አየ፣ መጨረሻ ላይ እሷን አየ። «እትዬ፣ እኔ የታዘዝኩት ቤተሰብ እንዳነሳ ነው። አንድ ሰው ብቻ አንስቼ ብመለስ ምን ይሉኛል?» አለ።

እኔ በበኩሌ ይህን ሰው ብዙ ጊዜ ረግሜዋለሁ። እሷ ግን አትረግመውም። «እሱ ብቻውን መች አደረገው?» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ብቻዋን፣ ያለ ወንድ፣ ያለ ልጅ፣ አገር በሚያየው ፎቶ ላይ መቆም እሷንም አሳፈራት። ያየ ሁሉ ምን ይላል? ይቺ ሴት ማንም የላትም ወይ አይልም? የሌላትን ከጎረቤት መዋስ ደግሞ ለእኛ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ለለቅሶ ድንኳን፣ ለድግስ ሰሃን፣ ለእርሻ በሬ እንዋሳለን። ስለዚህ ነጠላዋን አጣፍታ ኦልጅራ ቤት ሄደች።

ኦልጅራ ግዙፍ፣ ሳቂታ፣ ለሰው ጉዳይ የራሱን ጉዳይ የሚጥል ገበሬ ነው። ጉዳዩን ስትነግረው ገና ተናግራ ሳትጨርስ ኮፍያውን አነሳ። «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ የጨነቃት ደግሞ የሰው ባል» አለ። ሚስቱ ብርነሽ እንኳ ከሳቋ ብዛት እንባዋን እየጠረገች፣ «ውሰጂው፤ ግን እንደዚያ ወንፊቴ በዚያው እንዳታስቀሪብኝ» አለቻት። ትንሹን ልጃቸውን በንቲንም ጨመረችላት።

ጸሐይወርቅ ሳጥኗን ከፍታ የሙሉሰውን ኮት ለበንቲ አለበሰችው። እጅጌው ረዘመበት፤ እሷ አጠፈችለት። ሙሉሰው ከሄደ ወዲህ ያን ኮት ሰው ላይ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር።

ፎቶው ሲነሳ አሥር ችግር ነበረው። በረቱ ይጨልማል ተባለና ላሚቱ ዳልቻ ወደ ደጅ ወጣች። የመታለቢያዋ ሰዓት አይደለም፣ ፀሐይ አናት ላይ ናት። ወተት ደግሞ ለባዳ ዓይን አይገለጥም፤ ጸሐይወርቅ ሁልጊዜ የምታልበው በጨለማው ጋጣ ውስጥ ነው፤ ስትጨርስም ወዲያው ትከድነዋለች። ወጋየሁ ግን «ወተቱ ይታይ፣ አረፋው ይታይ» አለ። እሷ በልቧ እያማተበች አለበች። ብርነሽ አጥር ጥግ ቆማ «በስመ አብ» ትላለች።

ጥጃም ያስፈልጋል አለ ወጋየሁ። የዳልቻ ጥጃ ከሁለት ወር በፊት ሞቷል። ጥጃ የሞተባት ላም ወተቷን ትይዛለች። ስለዚህ ከብት አርቢ ሁሉ እንደሚያደርገው የጥጃውን ቆዳ ገፍፋ፣ አድርቃ፣ ጭድ ሞልታ ሰፍታዋለች። በየማለዳው ጨው ነስንሳ ዳልቻ ፊት ታቆምላታለች፤ ዳልቻ ስትልሰው እሷ ታልባለች። ያንኑ አምጥታ አቆመችው።

«ይሄ ጥጃ ጨዋ ነው፣ ንቅንቅ አይልም» አለ ወጋየሁ በመሣሪያው እያየ።

«ከሞተ ቆየ» አለችው።

ሰውየው ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ የተሰፋው ጎን እንዳይታይ ዞሮ ቆመ።

ኦልጅራን አካፋ አስይዞ ፍግ ሲያወጣ አነሳው። በንቲን ለላሞቹ መኖ ፋጉሎና ፉርሽካ ሲያደባልቅ አነሳው። ጸሐይወርቅን ኩበት ስትጠፈጥፍ ሊያነሳት ሲል «ይሄማ ይቅርብኝ» ብላ እምቢ አለች። መጨረሻ ላይ ሁሉንም አንድ ላይ አቆማቸው፤ ኦልጅራ በቀኝ፣ በንቲ በግራ፣ እሷ መካከል፣ ዳልቻና ጥጃዋ ፊት ለፊት። መቼም የእኛ ሰው ካሜራ ፊት ሲቆም ለዳኛ የቀረበ ይመስላል። «ፈገግ በሉ» ቢላቸው ባሰባቸው። እንዲያም ሆኖ ፎቶው ያምራል፤ በኋላ አይቼዋለሁ። ከዚያ ሁሉ ፍጥረት መሀል በራሳቸው ቦታ የቆሙት ጸሐይወርቅና ዳልቻ ብቻ ነበሩ።

ማታ ኦልጅራ ልጁን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ጸሐይወርቅ ኮቱን አራግፋ ሳጥኑ ውስጥ መለሰችው። በማግሥቱ ወተት ልወስድ ስሄድ ፎቶ መነሳቷን ነገረችኝ። «አንድ ቀን ሙሉ ሰው ነበረን» አለችኝ። እንዲህ ስትል ፊቷ ላይ ያየሁት ደስታ ይሁን ሌላ ነገር ያኔም አልገባኝም፣ አሁንም እንጃ።

ኅዳር ላይ ወሬ መጣ። ፉሪ ያለች ባል የሞተባት ሴት አመልክታ፣ አንድ ያላትን ልጇን ከጦር ሜዳ አስመለሰች ተባለ። ወሬው እውነት ይሁን ውሸት ማንም አያውቅም፤ ብቻ ያመለከተችበት መሥሪያ ቤት የት እንደሆነ ተነገረ። ጸሐይወርቅ ለማንም ሳትናገር፣ የሰንበት ልብሷን ለብሳ፣ ላሞቹን በጊዜ አልባ ሄደች።

ለማንም ያልተናገረችበትን ምክንያት አንባቢ ሊያውቀው ይገባል፤ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚሰበረው። ኦልጅራ ሁለት ወንድ ልጆች አሉት። ስለዚህ ደገፋ በዚህ መንገድ አይመለስም። በአንድ መኪና ከሄዱት ሁለት ልጆች የኔ ብቻ ይመለስልኝ ብላ መንገድ መጀመሯን ለኦልጅራና ለብርነሽ እንዴት አድርጋ ትንገራቸው? ሲመለስ ያዩታል፤ ያኔ ይገባቸዋል፣ ይቅርም ይሉኛል ብላ አሰበች። እስከዚያ ዝም ማለት ይሻላል አለች።

ቢሮው ውስጥ የተቀበላት ሰው ክፉ አልነበረም። ወንበር ሰጣት። ነገሯን እስክትጨርስ አላቋረጣትም። ከጨረሰች በኋላ ግን ከእሷ ጀርባ ያለውን ግድግዳ ትኩር ብሎ አየ።

«እናቴ፣ ዞር ይበሉማ። እዚያ ላይ ያሉት እርስዎ አይደሉም?»

ዞረች። ፎቶው ከበዓሉ በኋላ ለየመሥሪያ ቤቱ ታድሎ ኖሮ፣ ያቺ ጸሐይወርቅ ከባልና ከልጅ ጋር ትልቅ ሆና ተሰቅላለች። ከሥሩ «አርአያ የሆነ የገበሬ ቤተሰብ» ይላል፤ ማንበብ ስለማትችል ሰውየው አነበበላት።

«ጎረቤቴ ነው» አለች። «ለፎቶ ነው የቆመው። ልጁም የእሱ ነው።»

ሰውየው ፎቶውን እንደገና አየው። «እኔ አምንዎታለሁ» አለ። «ግን የእኔ ማመን አይበቃም፤ አለቆቼ በየቀኑ ይህን ፎቶ ያያሉ። ሁለት ሰው ልላክ፤ ቤትዎን ይዩ። ብቻዎን መኖርዎን አይተው ከመሰከሩ ጉዳይዎን እኔ ራሴ ይዤ እሄዳለሁ። ስለ ፎቶው ደግሞ ሌላ ሰው ፊት እንዲህ ብለው አይናገሩ።»

ወደ ቤቷ የተመለሰችው መንገዱ ሳይታወቃት ነው። ብቻዬን መኖሬ ይጠቅመኛል ብላ አስባ የማታውቀው ሴት፣ ያን ሰሞን በረቱን እየዞረች «እንኳን ማንም የለኝ» ስትል ሰምቻታለሁ። ምን ነካት ብዬ ፈርቼ ነበር።

ሁለቱ ሰዎች የመጡት በታኅሣሥ አጋማሽ ነው። ጸሐይወርቅ ለቡ ወተት አድርሳ ስትመለስ ወንዙ አጠገብ አገኘቻቸው። አንደኛው ሸበቶ ነው፤ ሁለተኛው ለጫማው የሚጨነቅ ወጣት። ቤቷን ገበሬ ማኅበሩ ዘንድ ጠይቀው፣ የመንገዱን ምልክት ስተው ቆመዋል። «ጸሐይወርቅ የሚሏት እኔ ነኝ» ብላ ይዛቸው ሄደች። መንገዱን ሁሉ እሷ ነበረች የምታወራው፤ በዓመት የማታወራውን ያን ቀን አወራች። የማልበው እኔ፣ የምጠርገው እኔ፣ ሌሊት ላም ስታምጥ የማዋልደው እኔ፣ ስታመም ውሃ የሚያቀብለኝ የለ። ሸበቶው «አይዞዎት» ይላታል። ወጣቱ እንኳ ጣሳዋን ተቀበላት።

ይህን ጊዜ የማኅበሩ ጥበቃ ሠራተኛ ለኦልጅራ ወሬውን አድርሶለታል። የነገረው እንዲህ ብሎ ነው፤ «ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ሁለት ሰዎች ስለዚያ ፎቶ ሊያጣሩ መጥተው የጸሐይወርቅን ቤት ጠየቁ።» ይኸው ነው። ኦልጅራ ሌላ ምን ያስብ? ባል የሌላት ሴት ባል አለኝ ብላ በመንግሥት ካሜራ ፊት ቆማለች፤ ያቆማት ደግሞ የእሱ መቆም ነው። በዚያ ዘመን ሰው ከዚህ ባነሰ ነገር ገብቶ ሳይወጣ ይቀር ነበር። በንቲን ጠርቶ በእርሻው አቋርጦ ሮጠ።

ሦስቱ አጥሩ ጋ ሲደርሱ በረቱ ውስጥ አካፋ ይሰማል። ኦልጅራ እጅጌውን ሰብስቦ ፍግ እያወጣ ነው። በንቲ ዳልቻን ውሃ ያጠጣል።

«ጸሐይዬ፣ መጣሽ?» አለ ኦልጅራ ቀና ብሎ። እንደዚህ ብሎ ጠርቷት አያውቅም። «እንግዶች ይዘሽ ነው? ግቡ እንጂ፣ ምን ደጅ ያቆማችኋል?»

ወጣቱ ጣሳውን መሬት አስቀመጠ። ሸበቶው «እርስዎ ማን ነዎት?» አለ።

«ማን ልሁን? ባለቤቷ ነኝ።»

«ይሄ ልጅስ?»

«ትንሹ ልጃችን። ታላቁ ዘምቷል» አለ ኦልጅራ። አንድም ነገር እንዳይጎድልባት ብሎ ነው።

ጸሐይወርቅ አፏን ከፈተች። ኦልጅራ በዓይኑ ጠቀሳት፤ ዝም በይ፣ እኔ አለሁ ማለቱ ነው። ግንባሩ ላይ ላቡ ይንቆረቆራል፤ ሮጦ መምጣቱ ያስታውቃል። ያን ጊዜ ምን እንዳሰበች ጠይቄያታለሁ። «ባሌ አይደለም ብል እሱን ይዘውት ይሄዳሉ» አለችኝ። «የመንግሥት ሰው ፊት ዋሽቷላ። ደገፋ ጦር ሜዳ፣ ኦልጅራ እስር ቤት፤ ብርነሽ ምን ትሆናለች? ደግሞ ለእኔ ብሎ ነው የሮጠው።» ይህን ሁሉ ያሰበችው ዓይኗን ጨፍና እስክትገልጥ ድረስ ነው። ከዚያ አፏን መልሳ ገጠመችው።

ወጣቱ ተቆጣ። «መንገድ ሙሉ—» ብሎ ሲጀምር ሸበቶው ክንዱን ያዘው። ብዙም አልቆዩም፤ ቤቱንም ገብተው አላዩም። ጸሐይወርቅ እስከ አጥሩ ሸኘቻቸው። ሸበቶው እዚያ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ኦልጅራ እንዳይሰማ፣ «እናቴ፣ እኔም ዘማች ልጅ አለኝ። አልፈርድብዎትም» አላት። «ዋሸችን ብለን አናመለክትም። ቤተሰቡ በፎቶው ላይ እንዳለው ነው ብለን ጉዳዩን እንዘጋዋለን። ሁለተኛ ግን እንዳይመጡ።» እሷም ጎንበስ ብላ አመሰገነችው። ሌላ ምን ታድርግ?

ወደ በረቱ ስትመለስ ኦልጅራ አካፋውን ተደግፎ በሳቅ ይፈርሳል።

«አየሽልኝ? ተረፍሽ እኮ!» አላት።

«እግዜር ይስጥህ፣ ጋሼ ኦልጅራ» አለችው።

አባትና ልጅ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ብርነሽ እራት ሠርታ ትጠብቃቸዋለች። ጸሐይወርቅ የመጣውን ጣሳ አጠበች፣ ዳልቻን አስገባች፣ በሩን ከውስጥ ዘጋች። በማግሥቱ ስሄድ ወተቱን ቀድታ ሰጠችኝና ወደ ጓዳ ገባች። ይህን ታሪክ የነገረችኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ያኔ ተናድጄ «ለምን አልነገርሽውም? አብራችሁ ሄዳችሁ እውነቱን ብትናገሩ ምን ነበረበት?» ብላት፣ «ምን ብዬ? ልጄን አስቀረህብኝ ልበለው?» አለችኝ። እኔ ብሆን እለው ነበር። ለዚህም ነው እኔ እሷን ያልሆንኩት።

በሰማንያ ሦስት መንግሥት ወደቀ፤ የፈረሰው ጦር በየመንገዱ ፈሰሰ። አንድ ቀን ደገፋ ጢሙን አጎፍሮ፣ እያነከሰ፣ በእግሩ ለቡ ደረሰ። ሙሉሰውን ጠየቁት። ከምጽዋ በኋላ አላየሁትም አለ። ሌሎችም መጡ፤ ሁሉም ከምጽዋ በኋላ አላየነውም አሉ። ጸሐይወርቅ እስከ መስቀል ድረስ ከመንገድ የሚመጣውን ሁሉ ስትጠይቅ ከረመች። ከዚያ መጠየቁን ተወች።

ኦልጅራ ልጁ በመመለሱ በግ አርዶ ሰፈሩን ጠራ። እኔንም ጠራኝ። ጸሐይወርቅ ከማለዳው ጀምራ ከብርነሽ ጋር ሽንኩርት ስትልጥ፣ ጠላ ስታቀርብ ዋለች፤ ወተቱንም አይቡንም ከቤቷ ያመጣችው እሷ ናት። ብርነሽ ልጇን ባየች ቁጥር ጸሐይወርቅን ታያትና ጓዳ ትገባለች። ቤቱ ሞልቷል፣ ሰው በደስታ ተቀምጦ ያወራል።

ጠላው ከተደጋገመ በኋላ ኦልጅራ ተነሣ። «የዛሬዎቹ የማያውቁት ታሪክ አለ» አለ። «እኔና ጸሐይወርቅ ባልና ሚስት የነበርንበትን ቀን ልንገራችሁ።» ፎቶውን አወራ፣ የጭድ ጥጃውን አወራ፣ በንቲ ኮቱ ውስጥ እንዴት እንደ ጠፋ አወራ። ሰው ከወዲሁ ይስቃል። ከዚያ ሁለቱ የመንግሥት ሰዎች መጡ። እርሻውን እንዴት አቋርጦ እንደ ሮጠ፣ አካፋውን እንዴት እንዳነሳ፣ «ጸሐይዬ» ሲላት እንዴት እንደ ደነገጠች፣ እጁን እያወራጨ ተረከ።

«አፏን ልትከፍት ስትል ጠቀስኳት!» አለ። «አንዲት ቃል ብትተነፍስ እኮ ይዘዋት ይሄዱ ነበር። እኔ ባልደርስላት ዛሬ ይቺን ሴት የት እናገኛት ነበር?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ደገፋም ሳቀ፤ ከመጣ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እውነቱን የማውቀው እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ። ጸሐይወርቅ የጠላውን ማንቆርቆሪያ እንደያዘች በሩ ሥር ቆማ ነበር። ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞሮ ሲያያት፣ እሷም አብራ ሳቀች፤ ከዚያም የኦልጅራን ዋንጫ ሞላችለት።